አሥራ አንድ ቀን ከረዲያ ጋር በሳኦ ፓውሎ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣት ፈረንጆች ሱቄ በር ላይ ቆሙ። ጆሃንስበርግ መሐል ከተማ፣ እኛ አበሻ ነጋዴዎች ያለንበት ሕንጻ ውስጥ፣ አሁን አሁን ቱሪስት አይጠፋም፤ አስጎብኚ ይዘው መጥተው ምግባችንን ይቀምሳሉ፣ መጋረጃና ብርድ ልብሱን ፎቶ አንስተው ይሄዳሉ። እነዚህ ግን ብቻቸውን ነበሩ። ወንድና ሴት ናቸው፤ ጀርባቸው ላይ ከራሳቸው በላይ የሚቆም ትልልቅ ቦርሳ አዝለዋል፣ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። የልጅቷ ቦርሳ ማንገቻ ላልቶባት ኖሮ ጀርባዋን ለልጁ ሰጥታ ቆመች። እሱ ቦርሳውን በጉልበቱ ደገፍ አድርጎ ማንገቻውን ሲያጠብቅላት እሷ ወደፊት እየተንገዳገደች ትስቃለች። ከዚያ አንድ ስስ ብርድ ልብስ ገዙኝና ሄዱ። ጎረቤቴ ሸምሱ መጋረጃ እያጠፈ አየኝና «ጋሽ ኑሪ፣ አሞሃል እንዴ? ብሩን እንደያዝክ ቆመህ ቀረህ» አለኝ። «ስኳሬ ነው መሰለኝ» አልኩትና በርጩማዬ ላይ ተቀመጥኩ። ስኳሬ አልነበረም። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት እኔም እንደዚያ ያለ ቦርሳ ማንገቻ የማጠብቅላት ሚስት ነበረችኝ።

ረዲያ ትባላለች። ሁለታችንም የስልጤ ልጆች ነን፤ የተገናኘነውና የተጋባነው ግን እዚሁ ነው። ቤሪያ በሚባለው የጆሃንስበርግ ሰፈር፣ ሊፍቱ ከቆመ ዓመታት ባለፈው ሕንጻ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ አንዱን ሳሎን በመጋረጃ ለሦስት ከፍለን ከሌሎች ሁለት ባልና ሚስቶች ጋር እንኖር ነበር። የኛ ድርሻ መስኮት ነበረው። ያኔ ቡናማው ዳቦ በሦስት ራንድ ከሳንቲም ይገዛል፤ ወንዶቹ ፊቱ ላይ ሽንሽን ያለው ሰፊ ሱሪ እንለብሳለን፤ ከታችኛው ፎቅ ኮንጎዎቹ ከጧት እስከ ማታ የሚያስጮሁት ጊታር በደረጃው እየወጣ ቤታችን ይገባል፤ ረዲያም ቃሉን ሳታውቀው አብራ ታንጎራጉረዋለች። ቤት ውስጥ በራሳችን ቋንቋ፣ ከአበሻው ጋር በአማርኛ፣ ከደንበኛ ጋር በተሰባበረ ዙሉ ነበር የምንኖረው። እኔ ጻካኔ በምትባል የጥቁሮች ሰፈር፣ እዚህ ሎኬሽን በሚሉት፣ ውስጥ ከቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ሱቅ ነበረችኝ። እሷ ክሊፕታውን በሚባል ሌላ ሰፈር ውስጥ ብርድ ልብስና የአልጋ ልብስ ትከሻዋ ላይ ደራርባ፣ ሰማያዊ ረጅም ቀሚስና ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ በየደጃፉ «ሳውቦና ማማ» ብላ ሰላም እያለች ትሸጣለች። እሁድ እንኳ አናርፍም። በአራት ዓመት ትዳር ውስጥ እኔና እሷ ቀን በብርሃን አንድ ላይ ተቀምጠን ምሳ የበላንበትን ጊዜ በጣት እቆጥረዋለሁ።

ከዚያ የጻካኔዋ ሱቅ ተቃጠለች። የውጭ አገር ሰው ይውጣልን ተብሎ የተነሳብንን የዚያን ዘመን ነገር ብዙ ሰው ስለጻፈው እኔ አልደግመውም። ከጎኔ የነበሩ ሱቆችም አብረው ነደዱ። ማማ ቶኮ የምትባል ደንበኛዬ መኝታ ቤቷ አስገብታ ቁም ሣጥን ውስጥ ባትደብቀኝ ዛሬ ይህን አልተርክም ነበር። ስወጣ የቀረልኝ ኪሴ ውስጥ ያለው ቁልፍ ብቻ ነበር፤ በሩ ግን የለም። ያን ሳምንት ነው «እንሂድ» ያልኳት። ያኔ የሰው ሁሉ ወሬ አንድ ነበር፦ በአውሮፕላን ብራዚል፣ ከዚያ በመኪናና በእግር ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፣ አሜሪካ እስኪደረስ። ረዲያ አልወደደችውም። «እዚህ ካቃጠሉን ወደ ሌላ ሰፈር እንዛወር እንጂ ዓለም መዞር ምንድነው?» አለችኝ። እኔ ግን ልቤ ከዚህ አገር ወጥቶ ነበር። እሷም ጭንቀቴን አይታ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረች።

መንገዱን የሚያመቻችልን ደላላ ቀጭን፣ ሁልጊዜ ከረሜላ የሚመጥ ሰው ነው። የፓስፖርቱን ነገር ልተወው። የመከረን ምክር ግን እስካሁን ያስቀኛል። «ሻንጣ እንዳትይዙ» አለ። «ስደተኛ ነው ሻንጣ የሚይዘው። እናንተ አገር ልታዩ የምትሄዱ ባልና ሚስት ናችሁ፤ ቦርሳ በጀርባ፣ ካሜራ በአንገት፣ ቁምጣ።» ስለዚህ ሁለት ያረጁ የተጓዥ ቦርሳዎች ገዛን፤ የኔ አረንጓዴ፣ የሷ ቀይ። ፊልም የሚገባበት ካሜራም ከአንድ ፓኪስታናዊ ተገዛ። ረዲያ ዕድሜዋን ሙሉ ሱሪ አድርጋ አታውቅም ነበር። ካኪ ሱሪውን ለብሳ ከመጋረጃው ኋላ ስትወጣ እግሮቿን አጣብቃ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቆመች። «እማዬ ብታየኝ ምን ትላለች?» አለች። ሻሿን እንደ ጥምጥም ወደ ኋላ አሰረችው። ቁምጣ የለበሰውን እኔን ስታይ ግን ሳቋን መያዝ አቃታት፤ ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ጎረቤቶቻችን ሁሉ መጥተው ሳቁብኝ። የምንሄድበትን ነገር ረስተን የሳቅንበት ያ አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ሳኦ ፓውሎ እንደደረስን ሊቀበለን የመጣው ሰው ሉርዲስ የምትባል ሴት የምታከራየው ማረፊያ ውስጥ አስገብቶን «ሁለት ቀን ጠብቁ» ብሎ ጠፋ። ሁለቱ ቀን አሥራ አንድ ሆነ። ማረፊያው ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም፤ ከታች የቁልፍ ቀራጭ ሱቅ፣ ከላይ ስድስት ክፍል። ዶና ሉርዲስ፣ በአክብሮት እንዲህ ነው የሚጠሯት፣ ስልሳ ዓመት ያለፋት፣ ጠጉሯን በቢጫ መያዣ የምትሰበስብ፣ በአንገቷ መስቀል ያንጠለጠለች ወፍራም ሴት ነበረች። የኛ ክፍል አረንጓዴ የተቀባ ነው፤ አልጋው ሲተኙበት ይጮኻል፤ መስኮቱ ሲከፈት ጥቁርና ነጭ ድንጋይ እንደ ማዕበል የተነጠፈበት የእግረኛ መንገድ ይታያል። መጀመሪያ ቀን ከክፍላችን አልወጣንም፤ የሚይዘን ሰው በር ላይ የቆመ እየመሰለን። በሁለተኛው ቀን ዶና ሉርዲስ በሩን አንኳኳች። ካሜራውን አየች፣ ቦርሳዎቹን አየች፣ ከዚያ በእጇ «ውጡ፣ ውጡ፣ ከተማው እዚያ ነው» እንደ ማለት አደረገች። ቱሪስት ነን ብለናታላ። ረዲያ ተነስታ ጫማዋን አሰረች። «ኑሪ፣ ሰው ቱሪስት ነን ስንለው ካመነን እኛም ለምን አናምነውም?» አለችኝ።

እንዲህ ሆነን ነው ከተማውን ያየነው። ቦርሳዎቹን እንኳ ባዶ አድርገን እናዝላቸው ነበር፣ እንድንመስል። የሸንኮራ ጭማቂ በማሽን ጨምቀው ሎሚ ጠብ አድርገውበት ሲሸጡ አየንና በቀን ሁለት ጊዜ ጠጣን። በጠዋት ከየዳቦ ቤቱ የሚወጣው፣ አይብ የተቦካበት ትንንሽ ክብ ዳቦ፣ ትኩሱን በወረቀት ይሰጡናል፤ ረዲያ ሁለት በልታ ሦስተኛውን ሻሿ ውስጥ ትቋጥራለች። ባለ ቀለም መስታወት ያለው ትልቅ የገበያ አዳራሽ ስንገባ ስሙን የማናውቀውን ፍራፍሬ በነጻ አስቀመሱን። አንዱ ሻጭ የሥጋ ሳንድዊች ሲዘረጋላት ረዲያ በአፍንጫዋ የአሳማ ድምፅ አሰምታ ጠየቀችው፤ ሰውየው ከሳቁ የተነሳ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ፣ ሳንድዊቹንም መለሰው። ከተማው ቀኑን ሙሉ ያካፋል፤ ካፊያው አያርስም፣ ፀጉር ላይ እንደ ዱቄት ይቀራል። ከምድር ውስጥ ባቡሩ መውጫ ላይ አንድ ዓይነ ስውር አኮርዲዮን ይጫወት ነበር። ረዲያ ሁልጊዜ እዚያ ስንደርስ እጄን ትይዛለች። ጆሃንስበርግ ውስጥ መንገድ ላይ እጄን ይዛ አታውቅም፤ ሁልጊዜ በሁለታችንም እጅ ላይ ዕቃ አለ።

በአምስተኛው ይሁን በስድስተኛው ቀን የልብስ ስፌት ሰፈሩን አገኘችው። መንገዱ በሙሉ ጣቃ ጨርቅ ነው። ረዲያ ነጋዴነቷ ተነሳባት፤ ጨርቁን በሁለት ጣቷ እያሸች «ይሄ ክሊፕታውን ቢሆን በአንድ ቀን ያልቃል» ትላለች። ከቦሊቪያ የመጣች አንዲት ሴት ሦስት የስፌት መኪና ያላት ቤት ውስጥ ገብታ ቆመች። ቋንቋ የለም። ረዲያ የተበላሸ ዚፕ አነሳች፣ መኪናው ላይ ተቀመጠች፣ ሰፍታ ሰጠቻት። ሴትዮዋ ዚፑን ወደ ላይ ወደ ታች አደረገችው፤ ከዚያ በጣቷ ወለሉን አሳይታ «ነገ» የሚመስል ነገር አለች። ረዲያ ከዚያ ስትወጣ ያየሁት ፊቷ ዛሬም ከዓይኔ አልጠፋም። እኔም ደስ ብሏታል ብዬ ሳልጠይቃት አለፍኩ።

በልቧ የያዘችውን የነገረችኝ እሁድ ዕለት ነው። እዚያ ከተማ ውስጥ በሕንጻዎች መሐል በአየር ላይ የሚያልፍ ረጅም የመኪና መንገድ አለ፤ እሁድ እሁድ ለመኪና ይዘጋና ሰው ይንሸራሸርበታል። የሰው ቤት መስኮት ክንድ ዘርግተህ የምትነካው ይመስላል፤ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲያዩ፣ ሸሚዝ ሲተኩሱ ታያለህ። አንድ መስኮት አጠገብ ቆመች። አንድ ሽማግሌ ሕፃን ደረቱ ላይ አስተኝቶ ተቀምጧል።

«ሁለት ወር አልፎኛል» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ አቅፌ አነሳኋት፤ መንገደኞቹ አጨበጨቡልን። ከዚያ አሜሪካ ስለሚወለደው ልጅ ማውራት ጀመርኩ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ወረቀቱ። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ኑሪ፣ እዚህ እንቅር» አለች። «ሥራ አግኝቻለሁ። ዶና ሉርዲስ ክፍሏን ትተውልናለች። እኔ ልጄ እንዲወለድ ነው የምፈልገው፤ የት ይወለድ አላልኩም።»

«በመንገዱ ያለው ጫካ የአራት ቀን እግር ብቻ ነው። ከደከመሽ የሚሸከሙ ሰዎች አሉ ብሏል ደላላው።»

«ከተሸከሟቸው ውስጥ አንድ ሰው አግኝተህ አናግረሃል?»

መልስ ያጣ ሰው እንደሚያደርገው ተናደድኩ። ቤሪያ ያሉት ሰዎች ደረሱ የሚለውን ወሬ እየጠበቁ ነው፤ ብራዚል ቀርቶ ዚፕ ይሰፋል ሲባል ታየኝ። «ያለ እኔ እዚህ አገር ማን ነሽ?» አልኳት። «ከአንተ ጋርስ እስካሁን ማን ነበርኩ?» አለች። በቁጣ አልነበረም፤ እንደ ጥያቄ ነው የጠየቀችኝ። ሃያ ምናምን ዓመት አስቤበት ዛሬም አልመለስኩላትም።

«ሁለት ቀን ጠብቁ» ብሎን የጠፋው ሰውዬ በአሥረኛው ቀን መጣ። አውቶቡሱ ነገ እኩለ ቀን ላይ ነው አለ። ሁለት ትኬት ሰጠኝ። ያን ምሽት ረዲያ ቦርሳዋን ስታዘጋጅ አየሁና ተስማማች ብዬ እንቅልፍ ወሰደኝ። በማግስቱ ዶና ሉርዲስ በር ላይ ሁለታችንንም ስማ ሸኘችን። አውቶቡስ ጣቢያው እንደ አውሮፕላን ማረፊያ ሰፊ ነው፤ ሰውየው ከፊታችን እየሮጠ ይመራል። አውቶቡሱ አጠገብ ስንደርስ ረዲያ ቀዩን ቦርሳ ከጀርባዋ አውርዳ አቀፈችኝ፤ ከዚያ ቦርሳውን እጄ ላይ አደረገችው።

«ካልሲህና ሹራብህ ከላይ ነው። ዳቦውን ዛሬውኑ ብላው፣ ይደርቃል» አለችኝ። «እኔ አልሄድም ኑሪ። ከቀረህ አብረን ወደ ቤት እንመለሳለን።»

«ግቢ፣ ሰው ያየናል» አልኳት።

ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ሾፌሩ ጡሩምባ ነፋ። ሰውየው ጎተተኝ፤ ጎተተኝ ስል ግን ውሸት ነው፤ ክንዴን ነካ አደረገኝ እንጂ የገባሁት በራሴ እግር ነው። ቦታዬ መስኮት አጠገብ ነበር። አንድ ሳምንት ብቻዋን ስትሆን ሐሳቧን ትለውጣለች፣ ከሚቀጥሉት ጋር ትመጣለች ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አውቶቡሱ በሩን ሳይዘጋ አራት አምስት ደቂቃ ቆመ። ያን አራት አምስት ደቂቃ ነው ዕድሜዬን ሙሉ ስኖርበት የቆየሁት። መነሳት ነበር፤ ሦስት ደረጃ መውረድ ነበር። እሷ ካፊያው ውስጥ ቆማ የተፈታ ሻሿን እያሰረች ነበር። እጅ አላወዛወዘችም።

የመንገዱን ነገር አላበዛውም። ከመንገድ ሁለት ጊዜ ደውዬ አግኝቻታለሁ። በሁለተኛው «ሆዴ ታየ፤ ዶና ሉርዲስ ሱሪዬን አስፍታልኛለች» አለችኝ። ጥቂት ነው የቀረኝ አልኳት። ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ድንበር ተያዝኩ። ስድስት ወር ከምናምን አንድ ግቢ ውስጥ ስልክ ሳላይ ቆየሁና ወደ መጣህበት ብለው አውሮፕላን ላይ ጫኑኝ። ጆሃንስበርግ ስገባ የለበስኩት ያንኑ ቁምጣ ነበር።

የዶና ሉርዲስን ቁጥር ቀበቶዬ ውስጥ በእስክሪብቶ ጽፌው ነበር። በማግስቱ ጧት ቤሪያ ካለ የስልክ ቤት ደወልኩ። ራሷ አነሳች። «ረዲያ፣ ረዲያ» አልኩ፤ «ኑሪ ነኝ» አልኩ። ማልቀስ ጀመረች። የደስታ መሰለኝ። አንድ ነገር ደጋግማ ትናገራለች፤ እኔ ከቋንቋቸው የማውቀው ጥቂት ቃል ነው። «ኤላ» እሷ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። የስልክ ቤቱን ባለቤት እስክሪብቶ ለምኜ የምትለውን ድምፅ በአማርኛ ፊደል የሲጋራ ካርቶን ላይ ጻፍኩት፦ «ኤላ ፋሌሴው። ኦ ቤቤ ታምቤም።» ሦስት ጊዜ አስደገምኳት፣ ልክ እንድጽፈው። ፋሌሴው የሰፈር ስም ነው አልኩ፤ ተዛውራለች፤ ቤቤ ያለችው ሕፃኑም አብሯት አለ። የስልክ ቤቱን ባለቤት «ልጅ ወለድኩ» አልኩት። ሰውየው ናይጄሪያዊ ነው፤ ጨበጠኝ፣ የስልኩንም ሂሳብ ማረኝ።

ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ጂልቤርቶ የሚባል የሞዛምቢክ ሰው፣ መንገድ ዳር በአንድ ወንበርና በተሰነጠቀ መስታወት ፀጉር ይቆርጣል። የነሱ ቋንቋ ከብራዚሎቹ አንድ እንደሆነ ስለማውቅ ወደሱ ሄድኩ። ሰው እየላጨ ነበር። ካርቶኑን አውጥቼ «ይሄ ሰፈር ከከተማው የት በኩል ነው?» ብዬ አነበብኩለት። ምላጩን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። ምላጩን አስቀመጠ፣ ደንበኛውን ፊቱ ላይ አረፋ እንዳለ ከወንበሩ አስነስቶ እኔን አስቀመጠኝ።

«ባባ፣ ሰፈር አይደለም» አለኝ በዙሉና በእንግሊዝኛ እየቀላቀለ። «እሷ ሞተች ነው የሚለው። ሕፃኑም።»

ጂልቤርቶ ሱቁን ዘግቶ፣ ሱቅ ከተባለ፣ አብሮኝ ተመልሶ ደወለ። ሐኪም ቤት የገባችው ከአሥራ ስምንት ቀን በፊት ነው። ምጡ ሁለት ቀን ፈጀባት። ልጁ ወንድ ነበር። ዶና ሉርዲስ የሚጠራ ዘመድ ስላላወቀች በራሷ ሥርዓት፣ ሻማ አብርታ፣ ከራሷ ቄስ ጋር፣ በማዘጋጃ ቤቱ መቃብር ሁለቱን አንድ ላይ አስቀበረቻቸው። መቃብሩም ለዘለዓለም አይደለም፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ የሚያነሳው ሰው ካልመጣ አጥንቱን ከሌላው ጋር ወደ አንድ ቦታ ይወስዱታል። ያ ጊዜ ካለፈ ስንት ዓመቱ። እኔ ወረቀት ሳይኖረኝ፣ ወረቀት ሳገኝ ድፍረት ሳይኖረኝ፣ አልሄድኩም። ዶና ሉርዲስ ከሞተችም ቆየች መሰለኝ፤ ቁጥሩ መጥራት አቁሟል።

ለረዲያ እናት ለእማማ ዘይነባ መርዶውን የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ሁሉንም ልነግራቸው ነበር፤ አምላክ ያውቃል፣ አፌ ላይ ነበር፦ እንቅር አለችኝ፣ ትቻት ሄድኩ። አገር ቤት ስልክ ካለው ጎረቤት ዘንድ አስጠራኋቸው። ሞታለች ስላቸው አልጮኹም። ከዚያ የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ማን አጠባት ልጄ? ማን ሰገደባት?»

«እኔ» አልኳቸው። «በራሴ እጅ አጥቤ፣ ከፍኜ፣ ሰግጄባት ቀበርኳት።»

እማማ ዘይነባ ዛሬ ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። ሌላ ልጅ የላቸውም። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጁምዓው እደውልላቸዋለሁ። ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘይት ዋጋ እናወራለን። ሚስት እንዳገባ ብዙ ዓመት ወትውተውኝ አሁን ትተውታል። ባለፈው ጁምዓም፣ ቱሪስቶቹ ከመጡ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ደወልኩላቸው። ሊዘጉ ሲሉ ሁልጊዜ የሚመርቁኝን ምርቃት መረቁኝ።

«ልጄን ያጠበ እጅህን አላህ አያሳጣህ» አሉኝ።

«አሚን» አልኳቸው።